ለአንድ ስኒ ቡና የድግስ ድስት አይጣድም



በመጪው ጠቅላላ ስብሰባችን ላይ ለውይይት ከሚቀርቡት ጉዳዮች አንዱ፣ «መብራት በጠፋ ቁጥር ዋይፋይ እንዳይቋረጥብን ከየቤቱ መዋጮ ተሰብስቦ የጋራ ጀኔሬተር ይገዛ» የሚለው ሐሳብ ነው። ሐሳቡን ያቀረቡት ወገኖች ለሠፈሩ በማሰብ እንጂ ከክፋት እንዳልተነሡ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ ቅን ሐሳብ ሁሉ ትክክለኛ ሐሳብ አይደለም። እጅ ከማውጣታችን በፊት ነገሩን ከሥሩ እንመርምረው። የዚህ ጽሑፍ አቋም ግልጽ ነው፡- ለዚህ ጉዳይ ጀኔሬተር አያስፈልገንም። የሚያስፈልገን በየቤቱ አንድ ትንሽ ባለ 12 ቮልት ባትሪ፣ እሱንም በእቁብ የምንገዛበት መላ ነው።

«ዋይፋይ የልጆች መጫወቻ ነው»

በመጀመሪያ ጉዳዩን ከነአካቴው ለሚንቁት መልስ እንስጥ። «ዋይፋይ ቢጠፋ ምን ይጎድላል? ልጆቹ ትንሽ ዓይናቸው ይረፍ!» የሚሉ አባቶች አሉ። እሱስ የልጆቹ ዓይን ቢያርፍ ባልከፋ። ነገር ግን ጊዜው ተለውጧል። ቴሌብር በግንቦት ወር 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ባለ ሱቁም፣ ባለ ባጃጁም፣ ጤፍ ሻጩም ገንዘብ የሚቀበለው በስልኩ ነው። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ለተወሰኑ ተማሪዎች በኮምፒውተር መሰጠት ጀምሯል፤ ተማሪው የሚለማመድበት መስመር ይፈልጋል። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ያከራየ ቤት ሁሉ ይህን ያውቃል። ልጃቸው ዓረብ አገር ያለች እናትስ? ልጅቱ ከሥራ የምታርፈው በሌሊት ነው፤ መብራት የሚጠፋውም አመሻሹ ላይ ነው። እናት ስልኳን ይዛ ስትጠብቅ ታድራለች። ይህ መጫወቻ ነው ወይ? በጭራሽ!

«የሞባይል ዳታ አለ» የሚልም ይኖራል። የሞባይል ምሰሶም ቢሆን መብራት ሲጠፋ የሚሠራው በባትሪ ነው፤ ባትሪው ሲደክምና ሠፈሩ በሙሉ በአንድ ጊዜ ወደ እሱ ሲዞር ምን እንደሚሆን ሁላችንም ቀምሰነዋል።

ነገሩ ከሥሩ ሲታይ

በዕድሜ የገፉት እንደሚያስታውሱት፣ የድሮው የጠረጴዛ ስልክ መብራት ኖረም አልኖረም ይጮኽ ነበር። ከተማው ድቅድቅ ጨለማ ሆኖ ሳለ «ሃሎ» ማለት ይቻል ነበር። ይህ ተአምር አልነበረም። በቀጭኑ የመዳብ ሽቦ የሚመጣው ድምፅ ብቻ ሳይሆን የኤሌክትሪክ ኃይልም ነበር፤ ይኸውም በስልክ ጣቢያው ውስጥ ከተደረደሩት ባትሪዎች የሚላክ 48 ቮልት ነው። ስለዚህ ስልኩን የመቀለብ ሸክም የጣቢያው እንጂ የደንበኛው አልነበረም።

ፋይበር ግን ሌላ ነው። ፋይበር ማለት እንደ ፀጉር የቀጠነ መስታወት ሲሆን በውስጡ የሚያልፈው ብርሃን ነው። መስታወት ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ስለዚህ ግድግዳችን ላይ የተሰቀለው ሞደም ኃይሉን ከራሳችን ሶኬት ማግኘት አለበት። ባጭሩ የባትሪው ሸክም ከጣቢያው ወደ እኛ ጓዳ ተዛውሯል። የሚያሳዝነው መዛወሩን የነገረን አለመኖሩ ነው። መስመር ሊዘረጉ የመጡት ሠራተኞች ሞደሙን ሰቀሉ፣ የይለፍ ቃሉን በወረቀት ጽፈው ሰጡ፣ ሄዱ። «መብራት ሲጠፋስ?» ብሎ የጠየቀም፣ ሳይጠየቅ ያስረዳም አልነበረም።

አንዳንዶች ከዚህ ተነሥተው «ታዲያ የድሮው አይሻልም ነበር?» ይላሉ። ይህ አባባል ግማሽ እውነት ነው። የመዳብ ሽቦ ለሌባ ሲሳይ፣ ለመብረቅም መንገድ ነበር። ከጮቄ በኩል የሚነሣው የክረምት ነጎድጓድ ስንት ስልክ እንዳቃጠለ የሚያውቅ ያውቃል። መስታወቱ ራሱ ግን መብረቅ አያስተላልፍም፤ ሌባም ቆርጦ አይሸጠውም።

ዋናው ቁም ነገር ደግሞ ይህ ነው። በጣቢያውና በቤታችን መካከል ያለው የፋይበር መስመር ምንም ኃይል አይፈልግም። ብርሃኑን ለ32 ወይም ለ64 ቤት የምታከፋፍለው ትንሽ ዕቃ ሶኬትም ባትሪም የላትም፤ እንደ መስኖ ቦይ የመጣላትን ታካፍላለች እንጂ የራሷን አትጨምርም። ኃይል የሚያስፈልገው በሁለት ቦታ ብቻ ነው፡- በጣቢያውና በቤታችን። ጣቢያዎች ደግሞ የሚሠሩት መጠባበቂያ ይዘው ነው። እንግዲያው መብራት ሲጠፋ ብዙውን ጊዜ መስመሩ አልሞተም፤ የሞተው የእኛ ሞደም ነው። ብርሃኑ በራችን ድረስ መጥቶ ያንኳኳል፤ የሚከፍትለት ግን የለም። የጎደለን ይህችው በር ከፋች ብቻ ናት።

ሒሳቡ ይናገር

በር ከፋቿ ምን ያህል ኃይል ትፈልጋለች? የሞደማችሁን አዳፕተር ገልብጣችሁ አንብቡ። በብዙዎቹ ላይ 12 ቮልት፣ 1 አምፔር ወይም 1.5 አምፔር ተብሎ ተጽፏል። ይህ ጣሪያው ነው፤ ሞደሙ በተግባር የሚበላው ከ5 እስከ 10 ዋት ያህል ነው። 8 ዋት ብለን እናስላ። ይህ ከአንዲት አነስተኛ የኤልኢዲ አምፖል የሚበልጥ አይደለም።

መብራት ለ5 ሰዓት ቢጠፋ አንዱ ቤት የሚያስፈልገው 40 ዋት ሰዓት ነው። አሥር ቤት በአንድ ጀኔሬተር ቢገጠም እንኳ 400 ዋት ሰዓት ነው። አሁን ጀኔሬተሩን እንመልከት። ትንሹ የቤንዚን ጀኔሬተር ሥራ ሳይበዛበት እንኳ በሰዓት ከአንድ ሦስተኛ እስከ ግማሽ ሊትር ያህል ያቃጥላል። በ5 ሰዓት 2 ሊትር ገደማ ማለት ነው። በ2 ሊትር ቤንዚን ውስጥ ያለው ኃይል ወደ 18 ሺህ ዋት ሰዓት ይጠጋል። ከ18 ሺሁ 400ውን ለሞደም ለማድረስ የቀረውን በጭስ፣ በሙቀትና በጩኸት እንበትነዋለን። ለሥራ የሚውለው ከመቶ 2 ወይም 3 ቢሆን ነው። ጥንድ በሬ ጠምዶ አንዲት መደብ ሽንኩርት ለማረስ እንደ መውጣት ነው። ቤንዚን እንዴት እንደሚገኝ፣ ስንት ሰዓት እንደሚሰለፉለት ደግሞ ለናንተ አይነገርም።

ይህም ብቻ አይደለም። ጀኔሬተሩን ማን ያስነሣዋል? በሌሊት ዝናብ ማን ተነሥቶ ቤንዚን ይሞላዋል? የማን ግቢ ይቀመጣል? ጩኸቱን የትኛዋ አራስ ትችለዋለች? የጋራ ንብረት ባለቤት ሲያጣ የማንም እንደማይሆን ከዚህ በፊት አይተናል።

ከሁሉም የከፋው አደጋው ነው። አንደኛ፣ የጀኔሬተር ጭስ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይዟል። በዝግ ቤት ከሰል አንድደው ተኝተው ሳይነሡ የቀሩትን የገደለ ይኸው ጋዝ ነው፤ ሽታ የለውም፣ አያስነጥስም፣ አያስጠነቅቅም። ዝናብ ፈርቶ ጀኔሬተሩን ወደ በረንዳ ወይም ወደ ማድ ቤት የሚያስገባ ሰው እንደማይጠፋ እናውቃለን። ሁለተኛ፣ አንዳንዱ «ባለሙያ ነኝ» ባይ ጀኔሬተሩን ከቆጣሪው መስመር ሳይለይ በሶኬት በኩል ወደ ቤት ይለቀዋል። ያ ኃይል ወደ ኋላ ተመልሶ ወደ ሠፈሩ ትራንስፎርመር ይሄዳል። ትራንስፎርመር 15 ሺህ ቮልቱን ወደ 380 እንደሚያወርድ ሁሉ፣ ከታች የመጣለትንም መልሶ ወደ ላይ ያወጣል። መብራት ጠፍቷል ብሎ ምሰሶ ላይ የወጣው ሠራተኛ በዚያ ይሞታል። ለዋይፋይ ብለን የሰው ልጅ ደም ልንሸከም ነው?

«ጀኔሬተሩ ለፍሪጅም፣ ለሌላም ይሆናል» የሚሉ ካሉ፣ እሱ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። በራሱ ሒሳብ፣ በራሱ ስብሰባ ይቅረብ። በፋይበር ስም ግን አይግባ።

ኢንቨርተርስ?

ሌሎች ደግሞ «ጀኔሬተር ከተተወ ትልቅ ባትሪና ኢንቨርተር እንግዛ» ይላሉ። ይህ ከጀኔሬተር ይሻላል፤ ለሞደም ግን አሁንም ዙሪያ ጥምጥም ነው። ኢንቨርተሩ የባትሪውን 12 ቮልት ወደ 220 ያወጣዋል። የሞደሙ አዳፕተር ደግሞ 220ውን ተቀብሎ እንደገና ወደ 12 ያወርደዋል። ከምንጭ ውሃ ቀድቶ ተራራ ላይ አውጥቶ፣ እዚያው ምንጩ አጠገብ ለተቀመጠ ሰው መልሶ እንደ ማውረድ ነው። በዚያ ላይ ኢንቨርተር እንደ ዓይነቱ ምንም ሳይሠራ እንኳ 5፣ 10 ወይም 15 ዋት ለራሱ ይበላል። ጌታው 8 ዋት፣ አሽከሩ 10 ዋት የሚበላበት ቤት እንደምን ይዘልቃል? ሞደሙ የሚፈልገው 12 ቮልት ነው፤ ባትሪው ያለው 12 ቮልት ነው። በቀጥታ ይገናኙ!

«ግድቡ አልቆ የለም ወይ?»

ይህ ጥያቄ ከልብ የሚጠየቅ ስለሆነ ከልብ ይመለስ። ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ የማመንጨት አቅሙም 5,150 ሜጋ ዋት ነው። ከቡና ቁርስ ቀንሶ ቦንድ የገዛ ሕዝብ ቢኮራበት ተገቢ ነው። ነገር ግን ማመንጨት ሌላ፣ ከየቤቱ ማድረስ ሌላ ነው። ሥራው እንኳ ለሁለት ድርጅት የተከፈለ ነው፤ ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ የሚያመነጨውና በትልልቁ መስመር የሚያስተላልፈው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ሲሆን፣ ለየቤቱ የሚያከፋፍለው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ነው። የሠፈራችንን መብራት የሚያጠፋው የዓባይ ውሃ ማነስ አይደለም። በነፋስ የወደቀ ባሕር ዛፍ፣ የበሰበሰ የእንጨት ምሰሶ፣ የተጫነበት ትራንስፎርመር፣ የተቃጠለ ፊውዝ ነው። ጎተራው ሞልቶ ሳለ ወፍጮው ቢሰበር ዱቄት የለም። ወፍጮው እስኪጠገን እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ግን የጎጃም ገበሬ ልማድ አይደለም።

እንግዲያው ምን እንግዛ?

ምርጫው ሦስት ነው፤ ሦስቱም እንደ አቅም ነው።

አንደኛው፣ 12 ቮልት 7 አምፔር ሰዓት የሆነው ዝግ የእርሳስ ባትሪ ነው። 12 በ7 ሲባዛ 84 ዋት ሰዓት ይሆናል። የእርሳስ ባትሪ እስከ መጨረሻው ጠብታ ከተጠባ ቶሎ ስለሚሞት ግማሹን ብቻ እንጠቀም፤ ይህም 42 ዋት ሰዓት ነው። ለ8 ዋት ሞደም 5 ሰዓት ይበቃል። ባዶውን አድሮ እንዳይሰነብት መብራት በመጣ ዕለት ይሞላ።

ሁለተኛው የሊቲየም ብረት ፎስፌት ባትሪ ነው። ዋጋው ይከብዳል፤ ሆኖም ቀላል ነው፣ ዕድሜው ረጅም ነው፣ አብዛኛውን አቅሙን ሳይጎዳ ይሰጣል። ባለ 6 አምፔር ሰዓቱ ለዚያው ሞደም 7 ሰዓት ያህል ይቆያል። ሚኒ ዩፒኤስ እየተባሉ የሚሸጡት ትንንሽ ሳጥኖችም ባትሪ፣ ቻርጀርና ባለ 12 ቮልት መውጫ አንድ ላይ የያዙ ናቸው። መብራት ሲጠፋ ሞደሙ ሳይጠፋ ይቀጥላል። ግን በሳጥኑ ላይ በተጻፈው ትልቅ ቁጥር ብቻ አትታለሉ፤ ዋት ሰዓቱ ስንት እንደሆነ ጠይቁ።

ሦስተኛው በእጃችን ያለው ፓወር ባንክ ነው። 5 ቮልቱን ወደ 12 የሚያወጣ ገመድ አለ። ባለ 20 ሺህ ሚሊ አምፔር ሰዓቱ በውስጡ 74 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ በመንገድ የሚባክነው ሲቀነስ 6 ሰዓት ቢያሠራ ነው። ጉድለቱ፣ ብዙዎቹ እየተሞሉ በዚያው ጊዜ አያሠሩም፤ መብራት በጠፋ ቁጥር በእጅ መቀየር ያስፈልጋል። ለጊዜው ለተቸገረ ግን ከምንም ይሻላል።

የባጃጅ ወይም የመኪና ባትሪ አውጥቶ መኝታ ቤት ማስገባትስ? አይሆንም። እሱ የተሠራው ሞተር ለማስነሣት ነው፤ ቀስ በቀስ ሲጠባ ይበላሻል። ሲሞላም የሚቀጣጠል ጋዝ ይተፋል፣ አሲዱም ይፈሳል። ከተሞላ ባትሪ በላይ ፀሐይ ያለው ደግሞ ባለ 20 ወይም ባለ 50 ዋት ትንሽ ሶላር ቢጨምር በበጋ ቆጣሪውን አይጠብቅም፤ በሐምሌና በነሐሴ ደመና ግን ብዙ ተስፋ አይጣልበት።

ጥንቃቄውን ሁሉም ይያዝ፡-

ሀ. ቮልቱ በሞደሙ አዳፕተር ላይ ከተጻፈው ጋር አንድ ይሁን። ባለ 9 ቮልትና ባለ 5 ቮልት ዕቃም አለ። አምፔሩ ግን እኩል ወይም የበለጠ ቢሆን አይጎዳም።

ለ. ፖዘቲቭና ኔጌቲቩ ከተገላበጠ ሞደሙ ይቃጠላል። በአዳፕተሩ ላይ ያለውን ሥዕል ሳታዩ ሽቦ አትቀጥሉ።

ሐ. በባትሪው ፖዘቲቭ አጠገብ ባለ 2 ወይም ባለ 3 አምፔር ፊውዝ ይግባ። ፊውዝ የሌለው ባትሪ ክብሪት ነው።

መ. እየተሞላ ያለ የእርሳስ ባትሪ ቮልቱ ከ14 በላይ ይወጣል። ስለዚህ በባትሪውና በሞደሙ መካከል ቮልቱን 12 ላይ የሚያቆም ማስተካከያ ይደረግ።

ሠ. ፋይበሩን የሚቀበለው ሞደምና ዋይፋዩን የሚረጨው ራውተር ለየብቻ የሆኑበት ቤት ለሁለቱም ኃይል ይስጥ። አንዱን አብርቶ ሌላውን ማጨለም ከንቱ ድካም ነው።

ረ. ባትሪው ሞደሙን አብርቶት «ሎስ» የሚለው ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ካለ፣ ችግሩ የኃይል ሳይሆን የመስመሩ መቆረጥ ነው። ያን ጊዜ ባትሪውን አትውቀሱ፤ ለአገልግሎት ሰጪው አመልክቱ።

ሰ. ያረጀ የእርሳስ ባትሪ ወንዝ ዳር አይጣል፤ እርሳሱ ሕፃናትን ይመርዛል። ለሚሰበስቡት ይመለስ።

መላው እቁብ ነው

«ይህ ሁሉ መልካም፤ ገንዘቡስ?» ለሚሉት መልሱ ከአያቶቻችን ዘንድ አለ። ለጀኔሬተር ሊዋጣ የታሰበው ገንዘብ እቁብ ይሁን። ሃያ ቤት በወር የሁለት ባትሪ ዋጋ ቢያዋጣ፣ በአሥር ወር ሃያውም ቤት ባለ ባትሪ ነው። ዕጣው ግን እንዲሁ አይጣል፤ በሽተኛ ያለበት፣ አቅመ ደካማ ብቻውን የሚኖርበት፣ የዘንድሮ ተፈታኝ ያለበት ቤት ይቅደም። ከወጣቶቻችን መካከል የኤሌክትሪክ ሙያ የተማሩት አሉ፤ ሁለቱ ተመርጠው የእያንዳንዱን ቤት ሽቦና ፊውዝ አይተው ካልፈረሙ አንድም ባትሪ አይገናኝ።

ፋይበር ያልገባለት ጎረቤትስ? መብራት በጠፋ ሰዓት ባትሪ ያለው ቤት የይለፍ ቃሉን ለአጥር ጎረቤቱ አይንፈግ። ያ ጎረቤት የሚፈልገው አንድ መልእክት መላክ፣ አንድ ክፍያ መክፈል ነው። እሳት ተጫጭረን ያደግን ሰዎች ነን፤ ፍም ለጎረቤት ሰጥቶ ምድጃው የጠፋበት የለም።

ከአገልግሎት ሰጪው የምንጠይቀው

እኛ ይህን ብናደርግም የአገልግሎት ሰጪው ግዴታ አይቀርም። በሌላው ዓለም ጉዳዩ በደንብ ተይዟል። የአሜሪካ የመገናኛ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ደንብ፣ ከቤት መብራት ውጭ የማይሠራ የስልክ አገልግሎት የሚሰጡ ኩባንያዎች ለ8 ሰዓት የሚበቃ መጠባበቂያ ለደንበኛው በሽያጭ እንዲያቀርቡ፣ ከሦስት ዓመት በኋላም ለ24 ሰዓት የሚበቃ እንዲጨምሩ፣ መብራት ሲጠፋ የሚደርሰውንም እንዲያስረዱ አዝዞ ነበር፤ ደንቡ የጸናው እ.ኤ.አ. እስከ 2025 ነው። የእንግሊዙ ኦፍኮም እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው መመሪያ፣ በቤት ስልክ ብቻ ለሚተማመኑ ሰዎች ቢያንስ ለ1 ሰዓት የአደጋ ጥሪ የሚያደርስ መፍትሔ እንዲሰጥ ጠይቋል። መብራት እምብዛም በማይጠፋበት አገር ይህ ከታሰበ፣ እኛ ዘንድ እንዴት ይረሳል?

ጥያቄያችን ሦስት ነው። መስመር ሲገባ «ይህ ዕቃ ያለ ቤት መብራት አይሠራም» ተብሎ ለደንበኛው በግልጽ ይነገረው። የሞደሙ ቮልትና የሚበላው ዋት በአማርኛ ተጽፎ ይለጠፍበት። የሚስማማው ባትሪ ከነመስመሩ ለሚፈልግ ሁሉ በክፍያ ይቅረብ፤ ዋጋውም በየወሩ እየተከፈለ የሚያልቅ ይሁን።

ስለዚህ በስብሰባው ቀን ሦስት ነገር እንወስን። የጀኔሬተሩ መዋጮ ይቅር። የባትሪ እቁብ ይቋቋም፤ ዳኛና ጸሐፊ እዚያው ይመረጥ። ለአገልግሎት ሰጪው የሚላከው ማመልከቻ በነዋሪው ፊርማ ይውጣ። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ ሰው አዳፕተሩን ገልብጦ የተጻፈውን ቮልትና አምፔር በብጣሽ ወረቀት ይዞ ይምጣ። ቁጥር ይዞ የመጣ ስብሰባ በጭብጨባ አይታለልም።

ከማኅበሩ አባላት አንዱ